የአበባ ብናኝ አለርጂ እና የጾም ገበታ፦ አፍን የሚበላ ፍራፍሬ ሲያጋጥም ምን ማድረግ ይገባል

እኅቴ ወደ ሜሪላንድ ከሄደች በኋላ ለስድስት ዓመታት ያህል ፖም ስትበላ ምንም አልሆነችም። በሰባተኛው ዓመት፣ በዐቢይ ጾም የመጨረሻ ሳምንታት ውስጥ፣ ከሥራ እንደ ወጣች በባዶ ሆዷ አንድ አረንጓዴ ፖም ገመጠች፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ላንቃዋንና ምላሷን፣ አልፎም የጆሮዋን ውስጥ በላት፤ ከንፈሯም በአንድ በኩል አበጠ። ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ ሁሉም ጠፋ። የሥራ ባልደረባዋ ፖሙ ላይ የተረጨው ኬሚካል ነው አለቻት፤ እናታችን ደግሞ በስልክ ምች መሆኑን ተናግራ ዳማከሴ እንድትታሽ መከረቻት። ሁለቱም ምክሮች በቅንነት የተሰጡ ነበሩ። ትክክለኛው ምክንያት ግን በዚያው ሰሞን በሰፈሯ ያበበው በርች የተባለው ዛፍ እንደ ነበር የተረዳነው፣ ሌላ ሁለት ዓመት አልፎ የአለርጂ ሐኪም ዘንድ ከቀረበች በኋላ ነው።

ሐኪሞች ይህን ሁኔታ «የአፍ አለርጂ ሲንድሮም» ይሉታል። ስያሜው በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅ ሲሆን፣ አሁን ብዙዎች «የአበባ ብናኝና የምግብ አለርጂ» የሚለውን አጠራር ይመርጣሉ፤ ምክንያቱም ነገሩ ሁልጊዜ በአፍ ብቻ ተወስኖ አይቀርም። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ይህን መመሪያ የምጽፈው በእኅቴ ሕመም ምክንያት ለዓመታት ያነበብኩትንና ከአለርጂ ሐኪሞች የሰማሁትን፣ የእኛን ገበታና የእኛን የጾም ወራት በሚያውቅ ሰው አስተያየት አስተካክዬ ለማቅረብ ነው። በውጭ አገር የሚሰጡት የምክር ወረቀቶች ስለ ፖም ቂጣና ስለ ሰለሪ ሾርባ ይናገራሉ፤ ስለ ስልጆ፣ ስለ ድምብላል ወይም በባዶ ሆድ ስለሚጠጣ የአኩሪ አተር ወተት ግን አይናገሩም።

ነገሩ የሚሆንበት ምክንያት

በርች ሲያብብ በነፋስ የሚበተነው ደቃቅ ብናኝ በውስጡ «ቤት ቪ 1» የሚባል ፕሮቲን ይዟል። የአንዳንድ ሰው የመከላከያ ሥርዓት ይህን ፕሮቲን እንደ ጠላት ይቆጥረውና አይጂኢ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ያዘጋጅበታል። በየዓመቱ በፀደይ የሚመጣው ማስነጠስ፣ የአፍንጫ ፈሳሽና የዓይን ማሳከክ የዚህ ውጤት ነው። ፖም፣ ፒር፣ ኮክ፣ ፕሪም፣ ቼሪ፣ ኪዊ፣ ካሮት፣ ሰለሪ፣ ሄዝልነት፣ አልመንድ፣ ለውዝ (ኦቾሎኒ) እና አኩሪ አተር ደግሞ ከቤት ቪ 1 ጋር በቅርጽ የሚመሳሰሉ ፕሮቲኖች አሏቸው። ለብናኙ የተዘጋጀው ፀረ እንግዳ አካል ከእነዚህ አንዱን አፍ ውስጥ ሲያገኝ በመልክ ይሳሳትና በርቹን ያገኘ መስሎት ይነሣበታል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው የብናኙ አለርጂ ነው፤ የምግቡ ተከትሎ ይመጣል። ከአገር ቤት የሚሄድ ሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምንም ሳይሆን ቆይቶ ኋላ ላይ የሚጀምረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ በርች በኢትዮጵያ በተፈጥሮ የሚበቅል ዛፍ ስላልሆነ ሰውነቱ ከብናኙ ጋር ለመጣላት ጥቂት ፀደዮችን ማሳለፍ አለበት።

እነዚህ ፕሮቲኖች አንድ ጠቃሚ ድክመት አላቸው፤ በእሳትና በጨጓራ አሲድ ቶሎ ይፈርሳሉ። ማሳከኩ በአፍና በጉሮሮ አካባቢ ተወስኖ የሚቀረው ምግቡ ጨጓራ ሲደርስ ፕሮቲኑ ስለሚሰባበር ነው። በጥሬው ሲበላ አፍ የሚያሳክከው ካሮት በአትክልት አልጫ ውስጥ ሲገኝ ምንም የማያደርገውም ፕሮቲኑ ድስት ውስጥ ስለ ፈረሰ ነው። ይህን አንድ ልዩነት በሚገባ የያዘ ሰው የመመሪያውን ግማሽ ይዟል ማለት ይቻላል፤ ሌላው ግማሽ ግን የዚህ ሕግ የማይገዛቸውን ምግቦች ማወቅ ነው።

የጾሙን ወራት ከአበባው ወራት ጋር ማስተያየት

ፋሲካ ከመጋቢት 26 በፊትና ከሚያዝያ 30 በኋላ አይውልም። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በርች የሚያብበው በዚሁ በፈረንጆቹ አፕሪል ነው፤ በስዊድን፣ በኖርዌይና በሚኒሶታ ደግሞ ትንሽ ዘግይቶ እስከ ግንቦት ይዘልቃል። ይህ ማለት የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ማብቂያና የበርች ብናኝ የሚበረታበት ሰሞን በብዙ ዓመታት ይገጣጠማሉ ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ሥጋና ወተት ከገበታው ይርቁና በቦታቸው ፍራፍሬ፣ ጥሬ ካሮት ያለበት ሰላጣ፣ ለውዝና የለውዝ ቅቤ፣ የአኩሪ አተርና የአልመንድ ወተት ይገባሉ፤ የሚበሉትም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ተጹሞ በባዶ ሆድ ነው። የመከላከያ ሥርዓቱ በብናኙ ተቆጥቶ ባለበት ሰሞን ደግሞ ሰውነት ለእነዚህ ምግቦች ያለው ትዕግሥት ይቀንሳል። እኅቴ በጥቅምት ያለ ችግር የምትበላው ፖም በሚያዝያ የሚያስቸግራት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው መገጣጠም በጾመ ሐዋርያት ነው። ይህ ጾም ከጰራቅሊጦስ በኋላ ባለው ሰኞ ተጀምሮ ሐምሌ 5 ሲፈታ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ሣር የሚያብበው በእነዚያው ወራት ነው። የሣር ብናኝ አለርጂ ያለበት ሰው በጥሬ ቲማቲም፣ በሜሎን፣ በብርቱካን ሊቸገር ይችላል። የቲማቲም ሰላጣ በቃሪያ ተሠርቶ ሲቀርብ አፍን የሚበላው ቲማቲሙ ሆኖ ሳለ ቃሪያው ይታማል፤ ያው ቲማቲም ወጥ ውስጥ ሲበስል ግን ጸጥ ይላል።

ሦስተኛው ፍልሰታ ነው። በምሥራቅና በመካከለኛው አሜሪካ ራግዊድ የተባለው አረም ከነሐሴ አጋማሽ አንሥቶ የመጀመሪያው ውርጭ እስኪመታው ድረስ ብናኙን ይበትናል፤ ስለዚህ በፍልሰታ መጨረሻ ጀምሮ እንቁጣጣሽንና መስቀልን አልፎ ይሄዳል። ሐብሐብ፣ ሜሎን፣ ኪያር፣ ዝኩኒና ሙዝ ከዚህ አረም ጋር የሚያያዙ ናቸው። በአገር ቤት በእርሻና በመንገድ ዳር የተስፋፋው ቅንጬ አረምም ከራግዊድ ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ የሁለቱ ብናኝ እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ፕሮቲኖች አሉት። ስለዚህ በአገር ቤት ሳለ በቅንጬ አረም ሲያስነጥስ የኖረ ሰው በሄደበት አገር በመጀመሪያው ነሐሴ ራሱ ቢቸገር አያስደንቅም።

በአውሮፓ ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ የሚያብብ፣ የአሪቲና የጭቁኝ የቅርብ ዘመድ የሆነ ማግወርት የተባለ ተክል አለ። ከእሱ ጋር የሚያያዙት ሰለሪ፣ ካሮትና የዚያው ቤተሰብ ቅመሞች ናቸው፤ በእኛ ቤት ድምብላል፣ ከሙን፣ እንስላልና ነጭ አዝሙድ የዚህ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ሰናፍጭም ከማግወርት አለርጂ ጋር ተያይዞ ይጠቀሳል። ስለ እነዚህ ኋላ እመለስባቸዋለሁ፤ እንደ ፖም ቀላል ስላልሆኑ ነው። በእስራኤል የሚኖር አንባቢ በርችን ትቶ ስለ ወይራ፣ ስለ ፈረንጅ ጥድና ስለ ሣር ማሰብ ይኖርበታል፤ በረመዳን የሚጾም ሰው ደግሞ በማፍጠሪያው ሰዓት በባዶ ሆድ የሚጠጣውን የፍራፍሬ ጭማቂ በዚሁ ዓይን ቢያየው መልካም ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የራስን ወር ማወቅ ነው። በየትኛው ወር እንደሚያስነጥስዎና ዓይንዎን እንደሚያሳክክዎ ያስታውሱ፤ በሚኖሩበት ከተማ በዚያ ወር ምን እንደሚያብብ የአየር ትንበያ ድረ ገጾችና የስልክ መተግበሪያዎች በየቀኑ ይናገራሉ። ብዙዎቻችን በአፍንጫ ላይ የሚመጣን ነገር ሁሉ «ሳይነስ» ስለምንለው ይህን ጥያቄ ሳንጠይቅ ዓመታት ያልፋሉ።

ምልክቱን ከሌላ ነገር መለየት

የዚህ አለርጂ ምልክት ፈጣን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ምግቡ አፍ ከነካበት ጊዜ ጀምሮ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ውስጥ ይጀምራል። ከንፈር፣ ድድ፣ ላንቃ፣ ጉሮሮና የጆሮ ውስጥ ያሳክካል፤ ከንፈር ወይም ምላስ በመጠኑ ሊያብጥ ይችላል፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያለ መድኃኒትም ይጠፋል። ሚጥሚጣ ያቃጥላል እንጂ አያሳክክም፣ ከንፈርንም በአንድ በኩል አያሳብጥም። አናናስ በብዛት ሲበላ የማንንም ሰው ምላስ ይቆጠቁጣል፤ ይህ ፍራፍሬው ራሱ ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም ስላለው ነው እንጂ አለርጂ አይደለም። ምች የሚባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የቋጠረ ቁስል ሆኖ ለቀናት የሚቆይ ስለሆነ በሰዓቱ ርዝመት ብቻ ይለያል።

አንዳንድ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው በእጁ ነው። ጥሬ ድንች ወይም ካሮት ሲልጥ ጣቱን የሚያሳክከው፣ ወይም ድንች በመላጥ ላይ እያለ የሚያስነጥስ ሰው የበርች አለርጂ ሊኖርበት ስለሚችል ይህን ለሐኪሙ መንገር አለበት። በሆስፒታልና በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠሩ ደግሞ የጎማ ጓንት የሚያሳክካችሁ፣ ሙዝ፣ አቮካዶና ኪዊም የሚያስቸግራችሁ ከሆነ፣ ምንጩ ብናኝ ሳይሆን የጎማው ፕሮቲን ሊሆን ስለሚችል ጉዳዩ በሌላ መንገድ ይመረመራል።

አንድ ትንሽ ደብተር ለሁለት ወር ያህል መያዝ ከብዙ ግምት ያድናል። የበሉትን ምግብ፣ ጥሬ ወይም የበሰለ፣ የተላጠ ወይም ያልተላጠ መሆኑን፣ ምልክቱ በስንት ደቂቃ እንደ ጀመረና እስከ የት እንደ ደረሰ፣ በባዶ ሆድ እንደ ነበሩና እንዳልነበሩ ይጻፉ። ከዚህ ጋር በቀላሉ የሚረሱ አራት ነገሮች መጻፍ አለባቸው። እነሱም ከምግቡ በፊት ወይም በኋላ የተደረገ ሩጫ ወይም ከባድ ሥራ፣ የተጠጣ አልኮል፣ ለራስ ምታት ወይም ለወገብ የተዋጠ እንደ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያለ ማስታገሻ፣ እንዲሁም ለጨጓራ የሚወሰደው ኦሜፕራዞል ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የአለርጂን ኃይል እንደሚያበረቱ ይታወቃል፤ ኦሜፕራዞል ደግሞ ፕሮቲኑን የሚያፈርሰውን የጨጓራ አሲድ ስለሚቀንስ ባለሙያዎች ከአባባሽ ነገሮች ይቆጥሩታል። ጨጓራ በብዙዎቻችን ቤት የተለመደ ሕመም ስለሆነ ይህ ነጥብ ለእኛ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል፤ መድኃኒቱን ግን ሐኪም ሳያማክሩ ማቆም አይገባም።

በወጥ ቤት

ጥሬው ብቻ የሚያሳክክዎ ከሆነ ምግቡን ከቤት ማስወጣት አያስፈልግም። ፖሙን በምድጃ መጋገር ወይም በጥቂት ውኃና ቀረፋ ማፍላት፣ ለአንድ ሰው የሚሆነውን ደግሞ ቆራርጦ ማይክሮዌቭ ውስጥ እስኪለሰልስ ማሞቅ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ካሮቱ በአልጫ፣ ቲማቲሙ በወጥ፣ ኮኩ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠው ይሁን፤ የታሸገ ጭማቂም ተሞቆ ስለሚታሸግ አዲስ ከተጨመቀው ይሻላል። የፖም ልጣጭ ከሥጋው ይልቅ ፕሮቲኑ ስለሚበዛበት መላጥ ለአንዳንዱ ይረዳል፤ የፖም ዝርያዎችም እኩል አይደሉም። ጎልደን ዴሊሸስና ግራኒ ስሚዝ ብዙ ከሚያስቸግሩት ውስጥ ሲሆኑ፣ በኔዘርላንድስ የተዳቀለው ሳንታና የተባለው ፖም አለርጂ ያለባቸው ብዙ ሰዎች የሚስማማቸው በመሆኑ ይታወቃል። እኅቴ ዘንድ የተለወጠው ነገር ይኸው ነው፤ ከጥር እስከ ሰኔ ፖም የምትበላው አብስላ ብቻ ነው፣ በመከር ግን ልጣ በጥሬው ትበላለች።

አንድ ዝርያ አሳከከኝ ብሎ ዘመዶቹን ሁሉ መተው ስሕተት ነው። በርች የሚያስነጥሰው ሰው ከዝርዝሩ ውስጥ በአንድ ወይም በሁለት ፍሬ ብቻ ሊቸገር ይችላል፤ ያለ ችግር የሚበላውን ፒር «ወንድሙ ፖም ነው» ብሎ የሚያቋርጥበት ምክንያት የለም። በተለይ በጾም ወራት ገበታው ሲጠብብ፣ ፍራፍሬና አትክልትን በጅምላ መከልከል ጤናን በሌላ በኩል ይጎዳል።

በብሌንደር የሚመታ ጁስ ግን ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሰው አንድ ፖም ሲገምጥ አፉ ማሳከክ ሲጀምር ያቆማል፤ ሁለት ፖም፣ አንድ ኪዊና ጥሬ ካሮት በአንድ ብርጭቆ ተፈጭተው ሲቀርቡ ግን አፉ ሳያስጠነቅቀው ሙሉውን ጠጥቶ ይጨርሳል። በባዶ ሆድ ጾም የሚፈታበት የመጀመሪያ ነገር ጥሬ ጁስ እንዳይሆን፣ መጀመሪያ ሽሮም ሆነ ቂጣ ተቀምሶ ከዚያ ፍሬው ቢከተል ይሻላል።

በእሳት የማይሸነፉት

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ደካማው ፕሮቲን ነው። ለውዝ፣ ሄዝልነት፣ አልመንድ፣ ሰሊጥ፣ ሰናፍጭና ሌሎች ፍሬዎች ግን ከዚያ ሌላ ለዘር ስንቅነት የሚያገለግሉ ብርቱ ፕሮቲኖችን ይዘዋል፤ እነዚህ በመቁላትም በጨጓራ አሲድም አይፈርሱም። ቆሎ ውስጥ ያለ የተቆላ ለውዝ «ተቆልቷልና አይጎዳም» ተብሎ የሚበላ አይደለም። አንድ ሰው በለውዝ አፉን ሲያሳክከው ምክንያቱ የበርች ዘመድ የሆነው ቀላሉ ፕሮቲን ወይም ለሕይወት የሚያሰጋው ብርቱው ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን የሚለየው የደም ምርመራ ነው እንጂ ቤት ውስጥ ደጋግሞ መቅመስ አይደለም። ስለዚህ ለውዝና ዘር ያሳከከው ሰው እስኪመረመር ድረስ ያንኑ ፍሬ ጨርሶ ይተወው። በጾም ስልጆ ላይ ሰናፍጭ፣ በፍትፍት ላይ ሱፍና ሰሊጥ ስለሚገቡ ጠያቂ መሆን ነውር ተደርጎ መታየት የለበትም።

ሰለሪና ቅመሞቹም በከፊል እንዲሁ ናቸው፤ የበሰለ ሰለሪ የሚያስቸግራቸው ሰዎች አሉ። በርበሬ በልቶ የሚያብጥ ሰው ችግሩን ለማግኘት የሚቸገረው በርበሬው ውስጥ ድምብላሉም ነጭ አዝሙዱም ሌላውም አብሮ ስለተፈጨ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በርበሬውን ያዘጋጀችለትን እናት ወይም አክስት ምን ምን እንደ ጨመረች ጠይቆ በዝርዝር ይጻፍና ለሐኪሙ ይውሰድ፤ የሚቻል ከሆነ ከእያንዳንዱ ቅመም ጥቂት በየብቻው ቋጥሮ ይዞ ይሂድ።

በሜዲትራኒያን አካባቢ፣ በተለይ በጣሊያንና በስፔን፣ በኮክ የሚነሣ ሌላ ዓይነት አለርጂ አለ፤ ምክንያቱ በልጣጩ ላይ የሚበዛ፣ ሙቀትም አሲድም የማይበግረው ፕሮቲን ነው። ኮክ በጥሬውም በማርመላታውም በታሸገ ጭማቂውም የሚያስቸግርዎ ከሆነ ስለ በርች የተጻፈው ማጽናኛ ለእርስዎ አይሠራም።

ከሁሉ አስበልጬ የማሳስበው ግን የአኩሪ አተር ወተትና የአኩሪ አተር ፕሮቲን ዱቄት ነው። በበርች አለርጂ ያሉ ሰዎች በአኩሪ አተር መጠጥ ፊታቸውና ጉሮሯቸው በፍጥነት አብጦ ለአደጋ የተጋለጡባቸው ሁኔታዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል፤ የጀርመን ፌዴራል የአደጋ ግምገማ ተቋምም በ2007 እ.ኤ.አ. የበርች አለርጂ ያለባቸው ሰዎች እንደነዚህ ካሉ ምርቶች እንዲጠነቀቁ በይፋ አሳስቧል። ምክንያቱ መጠጡ ብዙም ስለማይሞቅና ብዙ ፕሮቲን በአንድ ጊዜ ስለሚዋጥ ነው። በዐቢይ ጾም፣ በባዶ ሆድ፣ ብናኙ በበረታበት ሳምንት አንድ ትልቅ ብርጭቆ ለመጀመሪያ ጊዜ መጠጣት ሁሉንም አባባሽ ነገር በአንድ ሰዓት መሰብሰብ ነው። በፀደይ የሚያስነጥስዎ ከሆነና የአኩሪ አተር ወተት ጠጥተው የማያውቁ ከሆነ የአጃ ወይም የሩዝ ወተት ይምረጡ።

ምልክቱ ሲመጣ

አፍ ብቻ ካሳከከ ምግቡን ወዲያው ይትፉ፣ አፍዎን በውኃ ይጉመጥመጡ፣ ሌላ አይጨምሩ። እንደ ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን ያለ አንቲሂስታሚን ማሳከኩን ያቀልላል። ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻዎን አይሁኑ፤ ለስፖርትም አይውጡ።

የሚከተለው ሲታይ ግን ጉዳዩ የአፍ ማሳከክ መሆኑ አብቅቷል፦ ትንፋሽ ማጠር ወይም ሲር ሲር ማለት፣ ድምፅ መጎርነን፣ ምራቅ መዋጥ መቸገር፣ በመላ ሰውነት ላይ እብጠት ያለው ሽፍታ፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ ማዞር ወይም ራስን መሳት። ይህ አናፊላክሲስ ይባላል፤ በዚህ አለርጂ ካሉ ሰዎች ውስጥ ከ100 አንድ ወይም ሁለት ያህሉን እንደሚያጋጥም ይገመታል። መድኃኒቱ ኤፒንፍሪን ነው። ሐኪም የሰጠው መርፌ ካለ በልብስ ላይም ቢሆን በጭኑ ውጫዊ ጎን ይወጋል፤ ሰውየው በጀርባው ተኝቶ እግሩ ከፍ ይላል፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ ግን ይቀመጣል፣ ተነሥቶ እንዲራመድ አይደረግም። አንቲሂስታሚን ይህን መድኃኒት አይተካም፤ ኪኒኑ እስኪሠራ መጠበቅ ጊዜን ማባከን ነው። ወዲያውኑ አምቡላንስ ይጠራ፦ በአሜሪካና በካናዳ 911፣ በአውሮፓ 112፣ በእስራኤል 101፣ በሳዑዲ ዓረቢያ 997፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች 998፣ በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። በ5 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለ ሁለተኛው መርፌ ይሰጣል።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ

«ሳይነስ አለብኝ» ብለው አይጀምሩ፤ እንዲህ ያለው ቃል ሐኪሙን ወደ ሌላ ሕመም ይመራዋል። በየትኛው ወር እንደሚያስነጥስዎ፣ ምን ጥሬ ምግብ ምን እንዳደረገዎና ያው ምግብ በስሎ ምን እንዳላደረገዎ ይናገሩ፤ ደብተርዎን ያሳዩ። በቆዳ ላይ የሚደረግ ምርመራ ከመምጣቱ በፊት አንቲሂስታሚን ለጥቂት ቀናት መቆም ስላለበት ስንት ቀን እንደሆነ ቀጠሮ ሲይዙ ይጠይቁ። በፋብሪካ የተዘጋጀው የፍራፍሬ ናሙና ደካማው ፕሮቲን ፈርሶበት ውጤቱን «የለም» ሊያሰኝ ስለሚችል፣ ብዙ ሐኪሞች ያንኑ ትኩስ ፍሬ በመርፌ ነክተው ወዲያው ቆዳዎን ይነካሉ፤ ፖሙን ይዘው ይምጡ ቢባሉ አይገረሙ። በለውዝ ጉዳይ የእያንዳንዱን ፕሮቲን የሚለይ የደም ምርመራ እንዳለ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የበርቹን ፕሮቲን የሚመስለው የለውዝ ፕሮቲን «አራ ኤች 8» ብቻ ከተገኘና ብርቱው «አራ ኤች 2» ካልተገኘ ትርጉሙ በጣም ይለያያል።

ቋንቋው የሚያስቸግርዎ ከሆነ በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ። ለብናኙ የሚሰጠው ለዓመታት የሚቆይ የመርፌ ወይም የምላስ ሥር ሕክምና ማስነጠሱን በሚገባ ይረዳል፤ ስለ ምግቡ ግን የአንዱ ሰው ሲሻለው የሌላው አይሻለውም፣ ስለዚህ ለፖም ብቻ ተብሎ አይጀመርም።

ልጆች ላይ

በውጭ አገር የተወለደ ልጅ ካሮቱን ገፋ አድርጎ «አፌን በላኝ» ሲል አብዛኞቻችን ምግብ አማርጦ እንደ ሆነ ቆጥረን እናስገድደዋለን። ልጁ በፀደይ ዓይኑን የሚያሽ፣ አፍንጫውን በመዳፉ ወደ ላይ የሚጠርግ ከሆነ ቃሉን ማመን ይገባል፤ ካሮቱን አብስለው ይስጡትና ልዩነቱን ይመልከቱ። ይህ አለርጂ ብናኙን ተከትሎ ስለሚመጣ በጨቅላ ሕፃን ላይ ብዙም አይታይም፤ የሁለት ዓመት ሕፃን በለውዝ ሽፍታ ቢወጣበት ወይም ቢያስመልሰው በርች ነው ብሎ ማቃለል አይቻልም፣ በቶሎ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ትምህርት ቤት ለገባ ልጅ የሚያስቸግረውን ምግብ በስሙ፣ «ጥሬው ብቻ» ወይም «በማንኛውም መልኩ» የሚለውን ለይቶ የሚጽፍ፣ ሐኪሙ የፈረመበት አንድ ገጽ ወረቀት ለመምህሩና ለምግብ ቤቱ ይሰጥ። ቅጂው በአማርኛ ተተርጉሞ በአያቱ ቤት ማቀዝቀዣ ላይ ይለጠፍ፤ ከትምህርት መልስ ፖም ልጣ የምትሰጠው እሷ ናትና።